ጆሮዋ የተቆረጠ ፍሎፒ

እኔ ሰቆጣ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ የሰው ብሶት እየጻፍኩ የማድር ራፖር ጸሐፊ ነኝ። እንደኔ የሚጽፍ የለም አልልም፤ እሱን ሌሎች ይበሉልኝ። ድንበሩ የተገፋ ገበሬ መጥቶ "ጎረቤቴ መሬቴን ገፋኝ" ብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርሰውን፣ እኔ ገጽ በገጽ ላይ እየደረብኩ አሳምረዋለሁ። አንብቤለት ስጨርስ ባለጉዳዩ ራሱ "ይህን ሁሉ በድሎኛል እንዴ!" ብሎ የጋቢውን ጫፍ ዓይኑ ላይ ያደርጋል። በአጭር የሚያልቀውን በአጭር መጨረስ ባለጉዳዩን መናቅ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የምላችሁ ልመጻደቅ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ልመጻደቅ ብዬ ነው። ዋናው ግን የዚህ ሁሉ ብዕር ባለቤት አንዲት ዓረፍተ ነገር መጻፍ አቅቶት አገር እንዴት እንዳመሰ ስነግራችሁ፣ ከምን ከፍታ ላይ እንደወደቅኩ እንድታውቁልኝ ነው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የጽሕፈት መኪናዬን ሸጬ ኮምፒውተር ገዛሁ። እንዴት እንደሚከፈት አወቅሁ። እንዴት እንደሚዘጋ ግን የነገረኝ ስላልነበረ ሱቄን ዘግቼ ስወጣ ሶኬቱን እነቅለው ነበር። በዚህ መሐል ወለላ የምትባል ልጅ ከኮሌጅ ተመርቃ መጣች። የዚሁ የኛ አገር ዝቋላ ልጅ ናት፤ አባቷ አያ ሞላ በፍየል እርባታ የታወቁ ሰው ናቸው። ወለላ ሶኬት ስነቅል አየችኝና ደንግጣ ሱቁ ውስጥ ቀረች ማለት ይቻላል። ግማሽ ጠረጴዛ ሰጠኋት፤ እሷም በፈንታው ኮምፒውተሩን ከኔ ትጠብቅልኝ ጀመር።

አንድ ቀን "ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ አንድ ነገር ላሳይዎት" አለችኝ።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር ለመጣችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በኛ አገር የፍየል መታወቂያዋ ጆሮዋ ላይ ነው። አንዱ ቤት የቀኝ ጆሮዋን ጫፍ ይቆርጣል፤ ሌላው ግራውን ይሰነጥቃል፤ ሌላው ይበሳል። ይህ ምልክት ይባላል፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ እየወረደ ይኖራል። ፍየል ጠፍታ ሰው በረት ከተገኘች ምልክቷ ይታያል። ችግሩ የዝቋላ ሰው የኒሯቅን ምልክት አያውቅም፤ የኒሯቅ ሰው የጋዝጊብላን አያውቅም። ስንት ፍየል ባለቤት እየፈለገች በሰው በረት አርጅታለች! ስንት ሰው በማያውቀው ምልክት "ሌባ" ተብሏል!

"እስቲ የሚያውቁትን ምልክት ይንገሩኝ" አለች ወለላ።

"ግራ ጆሮ፣ ከሥሩ ብስ።" የአጎቴ ቤት ምልክት ነው።

ቀጭ ቀጭ አደረገችው። የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የአጎቴ ስም ከነሰፈሩ ብቅ አለ።

በስመ አብ! አጎቴ እኮ ኩራዝ አጥፍቶ እንጂ አምፖል አብርቶ የማያውቅ፣ ነፍሱን ይማረውና ከሞተ የቆየ ሰው ነው። ስሙ እዚያ መስታወት ውስጥ በራልኝ። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለማን እንዳወለቅኩ ያኔ አላወቅሁም፤ ለአጎቴ ይሁን ለወለላ፣ ወይስ ለማሽኑ። ወለላ ክረምት ከበጋ በየፍየል ገበያው እየዞረች ሽማግሌውንም አሮጊቷንም እየጠየቀች የሰበሰበችውን ምልክት ሁሉ ነው እዚያ ውስጥ ያስገባችው።

"የሴት ስምስ አለበት?" አልኳት፤ ነገር መቆስቆስ ልማዴ ነው።

"የለም ጋሼ" አለች እየሳቀች። "ሴት ምን ምልክት አላት? ሳታገባ የአባቷ፣ ስታገባ የባሏ ነው።" ሳቋ ቶሎ አለቀ።

ፕሮግራሙን "ጆሮ" ብላዋለች። ከሌላ ከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ አይቶት "ገልብጪልኝ፣ እኔ በስሜ እሸጠዋለሁ" ሲላት ነው እኔ የተነሳሁት። "በፍጹም! ስሙን በንግድ ምልክትነት አዲስ አበባ እናስመዘግባለን። የጽሑፉን ነገር ለኔ ተይው" አልኩ። አይ እኔ!

ማመልከቻው ላይ ምልክቱ የሚውልበት ዕቃ ምን እንደሆነ ግለጹ የሚል ቦታ አለ። ጠባብ ቦታ ናት። ለኔ ብዕር ስድብ መሰለችኝ፤ ተናድጄ "የኮምፒውተር ፕሮግራም" ብዬ ብቻ ላክሁ። መልስ መጣ፦ ይህ እጅግ ሰፊ ነው፣ የሒሳቡም የጨዋታውም የደብዳቤውም ፕሮግራም ነው፣ የናንተው ምን እንደሚሠራ ይገለጽ። እውነታቸውን ነው። "ፍየል ጠፋችብኝ" ብሎ ገበያ መሐል የሚጮህን ሰው ማን ይሰማዋል?

ሰፊ ነው ካላችሁማ ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ከአገራችን አቀማመጥ ጀመርኩ። የፍየልን ጠቀሜታ አተትኩ። ወለላን ከልጅነቷ ጀምሬ አመሰገንኩ። በየመሐሉ "ማለትም" እያልኩ፣ ከማለትሙ በኋላ ሌላ ማለትም እየቀጠልኩ፣ ወረቀቱ በፖስታ አልገባ ብሎ በገመድ አስሬ ላክሁት። መልሱ አጭር ነበር፦ ውዳሴው ቀርቶ ተግባሩ ይገለጽ።

ቴሌ ሄጄ አዲስ አበባ ወደሚመዘግበው ቢሮ ደወልኩ። አንዲት ጨዋ ሴት አነሳች።

"ፕሮግራሙ ምንድነው የሚሠራው?" አለችኝ።

"የፍየል ጉዳይ ነው እመቤቴ።"

"የሥጋ ውጤት ነው?"

"ኧረ በፍጹም! ጆሮ ነው።"

"የመስሚያ መሣሪያ ነው?"

"አይ፣ ይኼ ጆሮ እንኳ አይሰማም።"

"አይሰማም?"

"ይቆረጣል እንጂ..." ስል መስመሩ ተቋረጠ። ራሱ ይቋረጥ እሷ ትዝጋው አላውቅም፤ ብትዘጋውም አልፈርድባትም። ከዚያ የመጣው መልስ፣ በቀጣዩ ካልተስተካከለ ማመልከቻው ይዘጋል የሚል ነው። ወለላ አንብባ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እኔ ደግሞ ዝምታ አይሆንልኝም።

በገበያ ቀን አያ ሞላ ፍየል ሸጠው ልጃቸውን ሊጠይቁ ብቅ አሉ። ወለላ አልነበረችም። አርፌ ውሃ ብሰጣቸው ምን ነበረበት!

"አያ ሞላ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! ልጅዎ ለዕቃዋ ምልክት ልታወጣ ነው!"

ምልክት የሚል ቃል ሲሰሙ ዱላቸውን አቀኑ። "የምን ዕቃ?"

"ፕሮግራም ነው። እንዳይሰረቅባት ነው።"

"እስቲ አሳየኝ።"

እንግዲህ ፕሮግራም እንዴት ይታያል? አይመዘን፣ አይሸት፣ አይጨበጥ። ሰው ከራሱ አውጥቶ ያበጀው ነገር ሆኖ ሳለ በእጁ ሊይዘው አለመቻሉ እስካሁን ይገርመኛል። ፍሎፒዋን ከማሽኑ አወጣሁና "ይኸውልዎት፣ እዚህ ውስጥ ነው" ብዬ መዳፋቸው ላይ አኖርኩላቸው። ፍሎፒ ለማታውቁ ልጆች፣ ከመዳፍ የምታንስ፣ የኮምፒውተር ሥራ የሚቀመጥባት ስስ ጥቁር ፕላስቲክ ናት።

አያ ሞላ የፍየል ጆሮ እንደሚያዩ አገላብጠው አዩዋት። ፊታቸው ጠቆረ።

"ይኸ እኮ ምልክት አለበት።"

"የቱ ጋ?"

"ቀኝ ጫፉ ቁርጥ። ግርጌው በቀኝም በግራም ብስ።"

እግዜር ያሳያችሁ! ስንት ጊዜ ፍሎፒ ሳስገባ ሳወጣ ያንን ጥግ አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም። እውነትም ጥጓ ተቆርጧል፤ እውነትም ግርጌዋ ተበስቷል።

"ፋብሪካ ነው እንዲህ የሚሠራው" አልኳቸው።

"ፋብሪካ የሚባል ቤት አላውቅም። ይኸ የኒሯቁ የፈንቴ ቤት ምልክት ነው።" በጥፍራቸው አንደኛዋን ቀዳዳ ነካ ሲያደርጓት ትንሿ መዝጊያ ተንሸራተተች። ደም ሥራቸው ተገተረ። "ይቺን እያት! ትከፈታለች፣ ትዘጋለች! ምልክት የሚደብቅ ክዳን ሠርተውለታል! ይኸ የጨዋ ልጅ ሥራ ነው?"

ላስረዳ አፌን ብከፍት ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ትርጉሙን ባላውቀውም ለኔ እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በአማርኛ "የሰው ገንዘብ በቤቴ አያድርም። እኔው እመልሳለሁ" ብለው ፍሎፒዋን በጋቢያቸው ቋጥረው ወደ ኒሯቅ መንገድ ገቡ። ከአያ ፈንቴ ጋር እኮ በፍየል ነገር ዓይንና ናጫ ናቸው! የፈንቴን ደጅ ከመርገጥ ገደል ቢገቡ ይመርጡ ነበር። ለሐቅ ሲሉ ግን ሄዱ።

ወለላ ስትመጣ ነገርኳት። ቁጭ አለች።

"ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ባለፈው ቦታ ጠበበ ብለው አጥፍተውታል እኮ። የቀረችው እሷው ብቻ ናት።"

ክው አልኩ። መሬት አፏን ብትከፍትልኝ ደስ ባለኝ።

"ፕሮግራሙስ ይሁን፣ እንደገና እጽፈዋለሁ" አለች። እንባዋ ወረደ። "አባቴ ግን ሌባ አሳደግሁ ብሎ ነው የሄደው። በጠላቱ ደጅ ቆሞ 'ልጄ ሰርቃሃለች' ሊል! ከዚህ በኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?"

በሚቀጥለው ገበያ አያ ፈንቴ ዘመድ አዝማዳቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ። ፍሎፒዋን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለዋታል። እኔ ይቅርታ ሊጠይቁ የመጡ መስሎኝ ወንበር አቀረብኩ።

"ሞላ ጠላቴ ነው" አሉ ቆመው። "ጠላት አንዷን በፈቃዱ ከመለሰ፣ ሌሎቹን የት አድርጓቸዋል ማለት ነው?"

"ኧረ ሌሎች የሉም!" ስል ክርኔ ከመደርደሪያው ላይ የፍሎፒ ሳጥኔን ገፋው። ወለሉ ላይ ተበተነ። ሁሉም ቀኝ ጫፋቸው ቁርጥ፣ ግርጌያቸው ብስ።

"በረት ሙሉ!" አሉ አያ ፈንቴ።

ጉድ ፈላ። ወሬው ሰቆጣን ሳያዳርስ አልመሸም። የዝቋላዋ ልጅና ራፖር ጸሐፊው የኒሯቅን ፍየል ሰርቀው ኮምፒውተር ውስጥ ደብቀዋል ተባለ። አንዲት እናት መጥታ የጠፋች ነጭ ፍየሏን ከማሽኑ ጀርባ ፈለገች። ፊቴ ላይ ደግሞ ሌባ ከነተቀባዩ ይሉኝ ጀመር። ሚስቴ እንኳ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ስንት ናቸው?" ብላኛለች።

ነገሩ ሽማግሌ ተቀመጠበት። ሰብሳቢው የአጥቢያችን ካህን መምሬ ጥላሁን ናቸው። ሽምግልና ደግሞ የሚቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ከጽዱ ሥር ነው። ተከሳሹም ይቅረብ ስለተባለ ኮምፒውተሩን ተሸክመን ወጣን። የየሱቁን ማራዘሚያ ገመድ እየለመንኩ ቀጣጥዬ መብራት ከሱቄ እስከ ጽዱ ጎተትኩ። በሳጥን ላይ አስቀመጥነው፤ ፀሐይ እንዳይመታው የሚስቴን ጃንጥላ ዘረጋንለት። ያን ሁሉ ሕዝብ ፊት ለፊቱ ሰብስቦ፣ ጃንጥላ ተይዞለት ሲያዩት እውነትም ትልቅ ሰው ይመስል ነበር።

አያ ፈንቴ በአንድ ወገን ተቀመጡ። አያ ሞላ በሌላ ወገን፣ ከልጃቸው ራቅ ብለው፣ መሬት መሬት እያዩ ተቀመጡ። ወለላ ዓይናቸውን ትፈልጋለች፤ እሳቸው አይሰጧትም።

መምሬ ጥላሁን ፍሎፒዋን ተቀብለው አዩዋት። "ምልክቱ የፈንቴ ይመስላል። ግን ምልክት ከምልክት ይመሳሰላል። የጠፋች ፍየል ስትገኝ ባለቤቷን ጠባይዋን አንጠይቅም? ፈንቴ፣ ይኸ ዕቃህ ምን ይሠራል?"

አያ ፈንቴ አሰቡ። ዘመዶቻቸውን አዩ። "እ... ይሠራል" አሉ።

"አንተስ?" አሉኝ ወደኔ ዞረው።

ቀኔ ደረሰ ብዬ ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "የተከበራችሁ ሽማግሌዎች! ከሁሉ አስቀድሞ የአገራችንን አቀማመጥ..."

"ተቀመጥ" አሉኝ መምሬ። ተቀመጥሁ። "አንቺስ ልጄ? ምን ይሠራል?"

ወለላ ቆመች። "የጠፋች ፍየል ጆሮ ላይ ያለውን ምልክት ሲነግሩት፣ የማን ቤት እንደሆነች ፈልጎ የሚያገኝ ፕሮግራም ነው" አለች።

አለቀ። በቃ። አያ ፈንቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገባቸው። ሽማግሌዎቹ ገባቸው። ነጭ ፍየሏ የጠፋችባት ሴትዮ እንኳ "አሃ" አለች። እኔ በገመድ የታሰረ ወረቀት ጽፌ ያልገለጽኩት ነገር፣ በአንዲት ትንፋሽ ሜዳው ላይ ቆመ። አፌን በእጄ ያዝሁ። ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ነው በኋላ አንድ ቃል ሳልጨምር ወደ አዲስ አበባ የላክኋት፤ ያላንዳች ጥያቄ አለፈች። "ማለትም" ልጨምርባት እጄን በልቶኝ ነበር፤ ወለላ ብዕሩን ነጠቀችኝ።

"እንግዲያው ይጠየቅ!" አሉ አያ ፈንቴ ብድግ ብለው። "ይቺኑ! በእጃችሁ የያዛችኋትን ምልክት ጠይቂው። የማን እንደሆነች ራሱ ይናገር!"

ሕዝቡ "ይናገር! ይናገር!" አለ።

የወለላ ፊት ዓመድ መሰለ። ምን እንደሚል ታውቃለች፤ የጻፈችው እሷ ናት። በዚያ ሁሉ ሽማግሌ መሐል ፊደል የሚያነቡት መምሬና እኔ ብቻ ነን። አንዲት ቁልፍ አሳስታ ብትመታ ሌላ ስም ይወጣላታል፤ ማንም አያውቅባትም። "አሳስቺ" ብዬ በዓይኔ ለመንኳት። አይ የኔ ነገር!

ፍሎፒዋን አስገባች። ማሽኑ ጉር ጉር አለ። "ቀኝ ጫፍ ቁርጥ። ግርጌ በቀኝም በግራም ብስ" እያለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ እንዳለ ጻፈችው። ስሙ ወጣ። መምሬ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አነበቡ፦

"የአያ ፈንቴ ቤት፣ ኒሯቅ።"

የአያ ፈንቴ ዘመዶች እልል አሉ። አያ ሞላ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። ማሽኑ በባለቤቱ ላይ መሰከረ! እኔ ቆሌዬ ተገፏል፤ በልቤ ከእስር ቤት ሆኜ የምጽፈውን ይግባኝ ጀምሬአለሁ።

"ቆይ፣ ከታች ሌላም አለ" አሉ መምሬ። "ምልክቱን ያወጡት አያቱ፣ ጓንጉል። የነገሩኝ እናቱ፣ እማማ ስንዱ፣ ኒሯቅ ገበያ።"

እልልታው ቆመ። አያ ፈንቴ ወደ ማሽኑ ቀረቡ።

"እናቴ ነግራሽ ነው?"

"አዎ" አለች ወለላ። "ከማረፋቸው በፊት ባለው በጋ። የፍየሏን ጆሮ ይዘው እያሳዩኝ። 'ፈንቴ ይረሳዋል፣ አንቺ ያዢልኝ' ብለውኛል።"

አያ ፈንቴ መስታወቱን ብዙ አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን የእናታቸውን ስም እንዳዩት እምላለሁ። ባርኔጣ አልነበራቸውም እንጂ ያወልቁ ነበር። እኔስ ያን ቀን ለማን እንዳወለቅኩ ያኔ ነው የገባኝ።

"መምሬ፣ እኔ ክሴን ትቻለሁ" አሉ። "ሰርቆ የባለቤቱን ስም ከነእናቱ ጽፎ የሚያስቀምጥ ሌባ አይቼ አላውቅም። ልትዋሽ ስትችል አልዋሸችም። ሞላ!"

አያ ሞላ ከጋቢያቸው ውስጥ "አቤት" አሉ።

"ልጅህ ሌባ አይደለችም። ዕቃውንም መርቄላታለሁ። የተመረቀ ፍየል እንዴት እንደሚደረግ ታውቃለህ፤ የኔ ምልክት እንዳለ ይሆናል፣ የአንተ ይጨመርበታል።"

አያ ሞላ ቀስ ብለው ተነሱ። መጀመሪያ ልጃቸውን አዩዋት፤ ከመጡ ጀምሮ አሁን ገና። ቀጥሎ ፍሎፒዋን ከማሽኑ አስወጥተው ተቀበሉና ካራቸውን መዘዙ።

"ኧረ በማርያም!" ብዬ ጮህኩ። "አንድ ለናቱ ናት! ሌላ ቅጂ የላትም!"

"ተዉት ጋሼ" አለች ወለላ።

አያ ሞላ የግራ ጥጓን በጥንቃቄ፣ ሕያው ጆሮ እንደሚነኩ፣ ሁለት ጊዜ ሰነጠቋት። የሳቸው ቤት ምልክት ነው። መልሰው ሰጧት። ወለላ አስገባቻት። ማሽኑ ጉር አለ፣ አንቋረረ፣ ዝም አለ። እኔ ለቅዱስ ሚካኤል የማልችለውን ስለት ተሳልኩ።

ጆሮ ተከፈተ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተከፈተ!

ወለላ አዲስ ምልክት መጻፍ ጀመረች። "ቀኝ ጫፍ ቁርጥ፣ ግርጌ ብስ፣ ግራ ጥግ ሁለቴ ስንጥቅ።" ከዚያ የባለቤቱ ስም ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

"አባዬ፣ የማን ቤት ልበል? የአያ ሞላ ቤት?"

አያ ሞላ ካራቸውን ወደ ሰገባው መለሱ።

"የወለላ ቤት በይ" አሉ።